ሕጉ ፈቅዶለት ልጄ ራሱን ለምን ይጠላል?

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ብቻችንን ሳለን ወንዶችን እንደሚወድ ነገረኝ። በምንኖርበት አገር የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕጋዊ የሆነው እሱ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ ‹ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ሕጉ ካንተ ጋር ነው፤ ስታድግ የምትወደውን ሰው ማግባት ትችላለህ› አልኩት። እሱ ግን ‹እኔ የምጠላው ራሴን ነው› አለኝና ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። በትምህርቱ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ከማንም አይጣላም። አባቱ እስካሁን አልሰማም። ስሙን ሳልጠቅስ ያማከርኩት ዘመዳችን ደግሞ ‹እንዲህ ያለውን የሚለውጡ ሰዎች አሉ፤ ውሰጂው› ይለኛል። ሕጉ ለልጄ ምንም አልጠቀመውም ማለት ነው? እኔስ ምን ላድርግ?»

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። በቅድሚያ፣ ልጅዎ ይህን ለእርስዎ መናገሩ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለወላጁ የሚናገረው ቃላቱን በልቡ ሲያገላብጥ፣ የወላጁን ፊት ሲያጠና፣ «ዛሬስ ልንገራት» ብሎ ሲነሳና መልሶ ሲተወው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከከረመ በኋላ ነው። «የምጠላው ራሴን ነው» ማለቱም እርስዎን መግፋቱ አይደለም። ከመጀመሪያው ይበልጥ የከበደውን ሁለተኛ ምስጢሩን ነው የነገረዎት።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ሕጉ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሕጉ የሚሠራበት ቦታና ልጅዎ የቆሰለበት ቦታ አንድ አይደሉም። የጋብቻ ሕግ የሚናገረው መንግሥት ሁለት ሰዎችን እንዴት እንደሚያይ ሲሆን፣ ልጅዎ የነገረዎት ግን እሱ ራሱን ሲያይ የሚያየውን ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይነካዋል፤ ነገር ግን በቀጥታም ባንድ ጊዜም አይደለም። በመካከላቸው ትምህርት ቤቱ፣ ጓደኞቹ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ከሁሉም በላይ ቤቱ አለ። ሕጉ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው በእነዚህ አልፎ ነው፤ እነሱ ካላሳለፉት ደጅ ይቀራል።

ራስን መጥላት አንድ ታዳጊ ስለ ራሱ አስቦ አስቦ የሚደርስበት ድምዳሜ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚማረው ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ፍቅር ወይም መሳብ ምን እንደሆነ ገና ሳያውቅ፣ በመጫወቻ ሜዳ ላይ ከስድቦች ሁሉ የከፋው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ኳስ የሳተው ልጅ በምን ስም እንደሚጠራ፣ ያለቀሰ ወንድ ልጅ ምን እንደሚባል፣ ትልልቆቹም ያንን ሰምተው እንደማይቆጡ፣ አንዳንዴም አብረው እንደሚስቁ ያያል። እሱም ከሌሎቹ ጋር ይስቃል፤ ምናልባትም ስድቡን ራሱ ይጠቀምበታል። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ከሆኑ አዋቂዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን መሳብ የሚያስታውሱት ከ10 ዓመት ዕድሜያቸው ግድም ጀምሮ ነው። እንግዲህ ልጁ በዚያ ጊዜ፣ ለዓመታት ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ይመስለው የነበረው ስድብ ስለ እሱ ኖሮ እንደሆነ ይደርስበታል። ፍርዱ ከተከሳሹ ቀድሞ ተሰጥቶ ጠበቀው ማለት ነው። ልጅዎ ያደገው ጋብቻው በተፈቀደበት አገር ቢሆንም፣ ያንን ስድብ ሳይሰማ ግን አላደገም።

ተመራማሪው ኢላን ማየር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሸክም «የአናሳነት ጫና» በሚባለው ሐሳብ አብራርተውታል። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለድብርትና ለጭንቀት የሚጋለጡት በተፈጥሯቸው ሕመም ስላለ ሳይሆን፣ ማንም ሰው በሕይወቱ ከሚያጋጥመው ጫና በላይ ሌላ ተጨማሪ ጫና ስለሚሸከሙ ነው የሚል ነው። ከጫናው ከፊሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መሰደብ፣ መገለል፣ መመታት፣ በሕግ መከልከል። ከፊሉ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ማንም ገና ምንም ሳይለው «ይንቁኝ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ፣ ማንነትን መደበቅ፣ በመጨረሻም የሌሎችን ንቀት የራስ አድርጎ መያዝ። የጋብቻ ሕግ በግልጽ የሚያነሳው ከውጭ ካሉት ጫናዎች አንዱን ነው። የልጅዎ ንግግር ደግሞ የመጣው ከመጨረሻው፣ ከሁሉም ወደ ውስጥ ርቆ ከገባው ነው።

ስለ መደበቅ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆች ከሁሉ ያነሰ የሚያዩት እሱን ስለሆነ። የሚደብቅ ታዳጊ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሲናገር ድምፁን ይሰማል፤ ሲቀመጥ እግሩን፣ ሲያወራ እጁን ይጠብቃል። ስልኩን ለጓደኛው ከማቀበሉ በፊት የፈለጋቸውንና ያያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ያጠፋል። ጓደኞቹ ስለ ልጃገረዶች ሲያወሩ መቼ መሳቅ እንዳለበት፣ ስንት ጊዜ ዝም ቢል እንደማይጠረጠር ያሰላል። የሚወደውን ልጅ በኮሪደር ሲያገኘው ዓይኑ ከሌሎቹ ላይ ከሚያርፈው በላይ እንዳይቆይበት ይጠነቀቃል። ቤት ሲገባ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ቢሉት «ደህና» ይላል፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ነገር ግን ልጁ ሰዎች ሲወዱትም ፍቅራቸውን እንዳያምን ያደርገዋል፤ «የሚወዱት የማሳያቸውን ልጅ ነው፤ እኔን ቢያውቁኝ ይተዉኛል» ይላልና። እርስዎ በፍቅር የተናገሩት ነገር ያልገባለት ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ከክፍሉ አንደኛ መውጣቱንና ከማንም አለመጣላቱን የጻፉልኝ እንደ ማጽናኛ ይመስለኛል። ይህንንም በጥንቃቄ እንዲያዩት እለምናለሁ። ጆን ፓቻንኪስና ማርክ ሃትዘንቢውለር በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ወጣት ወንዶች ለራሳቸው የሚሰጡትን ዋጋ ከሌሎች ወጣቶች ይበልጥ በትምህርት ውጤትና በመሰል ስኬቶች ላይ እንደሚያንጠለጥሉ፣ ይህም በጉርምስናቸው ዘመን ማንነታቸውን ደብቀው ከቆዩበት ጊዜ ርዝመት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ልጁ «በዚህ በኩል ብጎድል በዚያ በኩል ልሙላ» ይላል። ጉብዝናው የእውነት የሱ ነው፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ቀን ውጤቱ ዝቅ ቢል ከምትጠብቁት በላይ የሚደነግጥ ከሆነ፣ የደነገጠው ለፈተናው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ነገ አያገባም። ስለዚህ ሕጉ የሚሰጠው ጥቅም ሠርግ አይደለም፤ ወደፊት ነው። ማንኛውም ልጅ ስለ ነገ የሚያስበው አዋቂዎች ካሳዩት ታሪክ ተነስቶ ነው፤ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ከሚወደው ሰው ጋር ቤት መሥርቶ፣ አብሮ አርጅቶ። ለረጅም ዘመን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ለሆነ ታዳጊ ይህ ታሪክ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ነበር፤ የሚሰማው ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሕመምና ስለ ውርደት ብቻ ነበር። ኔዘርላንድስ በሚያዝያ 2001 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ጋብቻውን ስትፈቅድ፣ ደቡብ አፍሪካ በ2006 በአፍሪካ የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ፣ ታይዋን በ2019 በእስያ ቀዳሚ ስትሆን፣ በእነዚያ አገሮች ያሉ ልጆች ያገኙት ከሁሉ በፊት ይህንን ነው፤ የተቆረጠው ታሪክ ቀጣይ አገኘ።

ሁለተኛው ጥቅም ብዙም የማይነገርለት ነው። ማርገሬት ታንካርድና ኤሊዛቤት ፓላክ የአሜሪካው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ በኋላ የሰዎችን አስተያየት ተከታትለው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሳኔው ሰዎች በግላቸው ስለ ጉዳዩ ያላቸውን ስሜት ወዲያው እንዳልለወጠው፣ ነገር ግን «አብዛኛው ሰው ምን ያስባል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ እንደለወጠው አግኝተዋል። ለታዳጊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ሰው የሚፈራው አብዛኛው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው፤ የሚሳደበውም ልጅ የሚሳደበው አብዛኛው ከእኔ ጋር ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ሕጉ የሁለቱንም ግምት ያናጋል። ልብን ግን ወዲያውኑ አይለውጥም፤ ልጅዎም የሚኖረው ከሰዎች ልብ ጋር ነው።

በቁጥር የሚታይ ማስረጃ አለ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አለ፤ ግን በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። በብዛት የሚጠቀሰው ጁሊያ ራይፍማንና ባልደረቦቻቸው በ2017 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከ1999 እስከ 2015 በ47 የአሜሪካ ግዛቶች ከተሰበሰበ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መጠይቅ የ762,678 ተማሪዎችን መልስ መርምረው፣ ጋብቻውን የፈቀዱ 32 ግዛቶችን ካልፈቀዱ 15 ግዛቶች ጋር አነጻጽረዋል። ከሕጉ በፊት ከጠቅላላው ተማሪ 8.6 በመቶው፣ የተመሳሳይ ወይም የሁለቱም ፆታ አፍቃሪ መሆናቸውን ወይም ገና እርግጠኛ አለመሆናቸውን ከገለጹት ደግሞ 28.5 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት እንደሞከሩ ተናግረው ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ ሙከራው በጠቅላላው ተማሪ ዘንድ በ7 በመቶ፣ በእነዚህ ልጆች ዘንድ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የ28.5 በመቶውን ቁጥር እንደገና ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ከአራት ልጆች ከአንድ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ 14 በመቶ መቀነስ ብዙ ሕይወት ነው፤ የቀረው ግን ከቀነሰው እጅግ ይበልጣል።

ይህ ጥናት የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሌሎች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ማርክ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው፣ መረጃውን አስፍተው በሌላ ስሌት ሲመረምሩት ሕጉ በራሱ ሙከራውን ለመቀነሱ በቂ ማስረጃ አላገኙም፤ እንዲያውም ሕጉ በሕዝብ ወይም በምክር ቤት ሳይሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣባቸው ቦታዎች የልጆቹ የአእምሮ ጤና የተጎዳ የሚያስመስል ምልክት አይተዋል። እኔ ሁለቱን ጥናቶች እንደ ጠላት አላያቸውም። እኔ ከሁለቱም የምረዳው የወረቀቱ መፈረም ብቻውን ልጅን እንደማያድን፣ ወሳኙም በዙሪያው ያለው ሰው ሕጉን እንዴት ተቀበለው የሚለው መሆኑን ነው። በ2019 ዩጂን ኦፎሱና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ያመራል፤ ጋብቻውን በራሳቸው ፈቅደው በነበሩ የአሜሪካ ግዛቶች በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያለው ጥላቻ በፍጥነት ሲቀንስ፣ በ2015 ከላይ በመጣ ውሳኔ ብቻ በተቀበሉት ግዛቶች ግን ከውሳኔው በኋላ ጨምሯል።

ሕግ መጉዳት እንደሚችል ግን ብዙም አያከራክርም። ሃትዘንቢውለርና ባልደረቦቻቸው በ2010 እንዳሳዩት፣ በ2004 እና በ2005 ጋብቻውን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ በከለከሉ ግዛቶች በሚኖሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አዋቂዎች ዘንድ ድብርትን ጨምሮ የስሜት መታወክ በ36.6 በመቶ ጨምሯል፤ ባልከለከሉት ግዛቶች ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም። አንድን ወገን የሚያገል ሕግ ለአደባባይ ጥላቻ ፈቃድ ይሰጣል። ክርክሩ ራሱም እንዲሁ ነው። አውስትራሊያ በ2017 ጥያቄውን በፖስታ ለሕዝብ አቅርባ 61.6 በመቶው «ይሁን» ብሏል፤ ሆኖም በእነዚያ ወራት ስለ ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን የሚቀርበውን አሉታዊ መልእክት አዘውትረው ያዩና የሰሙ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ይበልጥ ተጨንቀው፣ የቅርብ ሰዎቻቸው ድጋፍ የነበራቸው ግን ጉዳቱ ቀንሶላቸው ተገኝተዋል። የድሉ ቀን ሲነገር፣ ከድሉ በፊት አንድ ታዳጊ በእራት ሰዓት ዜና ሲታይ አባቱ ምን እንደሚል ሲጠብቅ የቆየባቸው ምሽቶች አይነገሩም። በአገራችሁ ክርክሩ ሲካሄድ የእርስዎ ልጅ ሕፃን ነበር፤ ሆኖም አዋቂዎቹ በዚያ ዘመን የተናገሩትን እስከ ዛሬ በቤት ውስጥ እየደገሙት ይሆናል።

ለዚህም ነው ረጅም ዘመን የተቆጠረባቸው አገሮች እንኳ ሥራውን ያልጨረሱት። ዴንማርክ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን በሕግ መመዝገብ የጀመረችው በ1989 ነው። አኔት ኤርላንግሰንና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክና በስዊድን ባደረጉት ጥናት፣ በሕግ በተጣመሩ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ከ1989 እስከ 2002 ከነበረው ይልቅ ከ2003 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በ46 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሆኖም አሁንም ከወንድና ከሴት ጥንዶች ከእጥፍ በላይ ነው። እነዚህ በሕግ የተጣመሩ፣ አጋር ያላቸው አዋቂዎች ናቸው። ገና ለእናቱ ብቻ የተናገረ የ16 ዓመት ልጅ ሸክሙ ለምን ከበደው ብለን ልንደነቅ አይገባም።

ራስን መቀበልን በተመለከተ፣ አውስትራሊያዊቷ ቪቪየን ካስ በ1979 ጉዞውን በስድስት ደረጃዎች ከፋፍለው ነበር፤ ከግራ መጋባት ተነስቶ ራስን ከሌሎች ማነጻጸርን፣ መታገስን፣ መቀበልን፣ መኩራትን አልፎ ማንነቱ ከሌላው ሕይወት ጋር አብሮ እስከሚዋሃድበት። ሰው ሁሉ ደረጃዎቹን በተራ አይወጣም፤ ብዙዎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይላሉ። ከዚህ ሐሳብ ለእርስዎ የሚጠቅመው በመታገስና በመቀበል መካከል ያለው ልዩነት ነው። «እንዲህ ነኝ፤ ምን ላድርግ» የሚል ልጅ ታግሷል እንጂ አልተቀበለም። የተቀበለ ልጅ ስለ ራሱ ማዘኑን ቀንሶ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ይጀምራል፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ኳሱ፣ ስለሚወደው ልጅ። ልጅዎ ለእርስዎ ሲናገር ከግራ መጋባት ወጥቷል፤ ወደ መታገስ ግን ገና አልደረሰም ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜና፣ ከሁሉ በላይ፣ የማይለዋወጥ ሰው ነው።

ያ ሰው እርስዎ ነዎት። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ተቀባይነት ፕሮጀክትን የሚመሩት ኬትሊን ራየን በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጉርምስናቸው ጊዜ ከቤተሰባቸው ከፍተኛ መገፋት የደረሰባቸው ወጣቶች፣ መገፋት ካልደረሰባቸው ወይም ጥቂት ከደረሰባቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት ለመሞከር 8.4 እጥፍ፣ ለከፍተኛ ድብርት 5.9 እጥፍ ተጋልጠው ተገኝተዋል። መገፋት ሲባል ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም። በዘመድ ፊት «እባክህ እንዳታሳፍረን» ማለት፣ ጓደኛውን ቤት እንዳያመጣ መከልከል፣ በቴሌቪዥን ሁለት ወንዶች ሲታዩ በምሬት ጣቢያ መቀየር፣ ስለ ነገሩ ጭራሽ አለማንሳት ሁሉ ይቆጠራል። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ2019 ደግሞ የሚቀበላቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ ያላቸው ታዳጊዎች በዓመቱ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ እንደነበር ገልጿል። አንድ ሰው ማለት ነው። እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት ተያያዥነትን ነው፤ ሆኖም ከዓመት ዓመት በምክር ክፍል የማየው ነገር ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ ዝምታውን እርስዎ ይስበሩት። በመኪና ውስጥ ወይም ሥራ አብራችሁ ስትሠሩ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ ቢሆን ይቀላል። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ያን ቀን ራሴን እጠላለሁ ስትለኝ ስለ ሕጉ አወራሁብህ። መጠየቅ የነበረብኝ ስለ አንተ ነው። ምን ስትሰማ ነው ራስህን የምትጠላው?» ከዚያ ይጠብቁ። መልስ ባይሰጥ አያስገድዱት፤ «በፈለግክ ጊዜ አለሁ» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ይለፉ፣ ከሳምንታት በኋላም እንደገና ይመለሱበት። «ምናልባት ያልፍልህ ይሆናል» ወይም «እርግጠኛ ነህ?» የሚሉት ቃላት ለእርስዎ ተስፋ ቢመስሉም ለእሱ የሚሰማው «አሁን ያለኸውን አንተን አልፈልግም» ተብሎ ነው። ዘመድ በቤትዎ ስለ እነዚህ ሰዎች ክፉ ሲናገር፣ ልጅዎ ባለበት፣ ስለ እሱ ምንም ሳይገልጹ «በእኔ ቤት ሰው እንዲህ አይነቀፍም» ይበሉ። እሱ እየሰማ ነው። ከረጅም ምክር ይልቅ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ያስታውሳታል።

አባቱን በተመለከተ ያለ ልጁ ፈቃድ አይንገሯቸው። ምስጢሩ የእሱ ነው፤ ካለፈቃዱ ከወጣ ያመነው አንድ ሰው እንኳ እንደማይታመን ይማራል። ለዘመድዎ ስሙን ሳይጠቅሱ መናገርዎንም ቢሆን ሰውዬው መገመቱ አይቀርም፤ ከዚህ በኋላ ቢተዉት ይሻላል። በሌላ በኩል ይህን ሸክም ለብቻዎ መያዝ ይከብድዎታልና ምስጢር ለመጠበቅ በሙያው የተገደደ አማካሪ ለራስዎ ቢያገኙ መልካም ነው። ለአባቱ መንገር ይፈልግ እንደሆነ፣ መቼና እንዴት እንደሚፈልግ ልጁን ይጠይቁት፤ አባቱ ሊያባርሩት ወይም ሊመቱት ይችላሉ የሚል ሥጋት ካለ ግን አስቀድሞ የሚያርፍበት ቤት ሳይታወቅ አይነገር። ሕጉ በማይፈቅድባቸው፣ ከዚያም አልፎ በሚያስቀጣባቸው አገሮች ላሉ ወላጆች ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው፤ እዚያ ልጁ ለሁሉም መናገሩ የጤንነት መለኪያ አይደለም፣ በቤቱ ውስጥ በሰላም መተንፈሱ ይበቃል።

ዘመድዎ ስላነሱት «መለወጥ» ግልጽ መልስ አለኝ፤ አይውሰዱት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በታኅሣሥ 1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በግንቦት 1990 ነው። በሽታ ላልሆነ ነገር ሕክምና የለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ያሉትን ጥናቶች ሁሉ አስመርምሮ፣ እነዚህ ሙከራዎች ለመሥራታቸው አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ፣ ለመጉዳታቸው ግን ምክንያት እንዳለ ደምድሟል። በ2003 አንዳንዶች ተለውጠዋል የሚል ጥናት አሳትመው የነበሩት ታዋቂው ሐኪም ሮበርት ስፒትዘር እንኳ በ2012 ጥናታቸው ስሕተት እንደነበር ገልጸው በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጅዎ ራሱን ይጠላል፤ ወደዚያ መውሰድ ማለት «ልክ ነህ፣ መጥላትህ ይገባሃል» ማለት ነው።

እምነት ያለው ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ልጁ ከእናንተ በተጨማሪ ከአምላኩም ጋር እየታገለ ሊሆን ይችላል። ይህን ትግል ከእሱ ነጥቄ በአንድ ቃል ልፈታው አልችልም፤ ነገር ግን ሃይማኖትዎ ስለ ጋብቻ ያለው አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ልጅዎን መውደድዎን እንዲያቆሙ አያዝዎትም። እሱ ይህን ከእርስዎ አንደበት መስማት አለበት፤ በግምት አይበቃውም።

አስቸኳይ የሚሆንበትን ጊዜም ይወቁ። እንቅልፉ ወይም ምግቡ በጣም ከተለወጠ፣ ከሚወዳቸው ነገሮች ከራቀ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ያለ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ሊጎዳው የሚችል መድኃኒትና መሣሪያ ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ወደዚያ ባይደርስም ባለሙያ ቢያገኝ እመክራለሁ፤ እንደ እሱ ያሉ እኩዮቹን የሚያገኝበት፣ አዋቂ የሚቆጣጠረው የትምህርት ቤት ክበብ ካለም ይጠቁሙት እንጂ አይጎትቱት። ባለሙያውን ሲመርጡ በመጀመሪያው ስልክ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ታዳጊዎች ጋር ሠርተዋል?» እና «ማንነቱን ለመለወጥ ይሞክራሉ?» ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ አጭርና ቁርጥ ያለ «አይ» መሆን አለበት። «እንደ ሁኔታው ነው» ወይም «ልጁ ከፈለገ» የሚል ከሆነ አመስግነው ስልኩን ይዝጉና ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።